ጠላት ያልነበረው ቶርፔዶ

ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሠመራን የሚያልፈው አስፋልት ዛሬ መኪናውን ሁሉ የሚያደርሰው ጅቡቲ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ ግን በኤሊ ዳር፣ በማንዳና በቡሬ በኩል አሰብ ይገባ ነበር። አዋሽ ወንዝ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ መንገዱ ግን ቀይ ባሕርን ይነካ ነበር። በመንገዱ መጨረሻ አሰብ ላይ፣ በዚያው በአፋር ምድር፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የጦር ሰፈር፣ የባሕረኞች ማሠልጠኛና የመርከብ መጠገኛ ነበረው። ስለ አዛዦቹ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው እጃቸው ከግራሶ የማይለየውን የበታች ማዕረግተኞች፣ የመርከብ ጦር መሣሪያ ቴክኒሻኖችን ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ሰርጓጅ የሚያድኑ መርከቦች ግን ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከሶቭየት ኅብረት ሁለት የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች መጡ። 76 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ 400 ሚሊ ሜትር የቶርፔዶ ቱቦና አርቤኡ 6000 የሚባል የሮኬት ማስወንጨፊያ የታጠቁ ነበሩ።

ይህን ማስወንጨፊያ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 12 ቱቦዎች በፈረስ ኮቴ ቅርፅ ተደርድረዋል። ሮኬቶቹ ተተኩሰው ሲያልቁ አፈሙዞቹ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ከመርከቡ ወለል በታች ካለው መጋዘን ሮኬቱ በአሳንሰር እየወጣ በየተራ ቱቦው ውስጥ ይገባል። አንዱ ሮኬት ከ100 ኪሎ ይበልጣል። ሥራው አውቶማቲክ ነው ይባላል፤ አውቶማቲክ የሚሆነው ግን አስቀድሞ የሰው እጅ ስላለፈበት ነው። ቱቦው ከመጋዘኑ ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ ካልገጠመ ሮኬቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ፈንጂ የተሸከመ ብረት መሐል መንገድ ሲቀረቀር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ የማርሹ ጥርስ መናከስ፣ የማቆሚያው ስዊች፣ የግራሶው መጠን ሁሉ በየጊዜው ይታያል። ግራሶ ሲያንስ ብረት ብረትን ይበላል፤ ሲበዛ ጨውና አቧራ ይሰበስባል። ሮኬቱ ስንት ሜትር ጠልቆ እንደሚፈነዳ የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ነው፤ የቀይ ባሕር ጨዋማ እርጥበት ደግሞ የመዳብ መገናኛን በአጭር ጊዜ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። አንድ መገናኛ ሳይጠረግ ከታለፈ ትእዛዙ ሳይደርስ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የብሎን ማሰሪያውን ሽቦ ነው። ንዝረት ብሎን ያላላል፤ እንዳይላላ በብሎኑ ራስ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ፣ ገምዶ፣ ከጎረቤት ብሎን ጋር ማሰር የታወቀ ብልሃት ነው። ጥበቡ ያለው በአቅጣጫው ነው፤ ሽቦው ብሎኑን ወደ መጥበቂያው መሳብ አለበት። በግልባጭ የታሰረም ከሩቅ ሲታይ ያው ነው፤ ሥራው ግን ከንቱ ነው። ግምዱ ከላላ ይፈታል፣ ከበዛ ይበጠሳል። ጎበዝ ባለሙያ ያሰረውን ሽቦ ያየ ሰው እኩል እኩል የወረደ ግምድ፣ እጅ እንዳይቧጥጥ የተቀለበሰ ጫፍ ያያል። እኔ ይህን ከማንኛውም የብር ጌጥ ሥራ አላሳንሰውም።

ባሕር ሰርጓጅ ውስጥ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ ቶርፔዶው ባሕረኞቹ ከሚተኙበት ክፍል እምብዛም አይርቅም። የቱቦው የውጭና የውስጥ በር በአንድ ጊዜ እንዳይከፈት የሚከለክል መቆለፊያ አለው፤ ያን መቆለፊያ የሚፈትሸው ደግሞ ቴክኒሻኑ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2000 የሩሲያዋ ኩርስክ 118 ሰዎች ይዛ የሰጠመችው ከአንድ የልምምድ ቶርፔዶ ነዳጅ ስላፈተለከ መሆኑን መርማሪዎቹ ደምድመዋል።

ወደ ቀይ ባሕር ስንመለስ፣ ለኤርትራ ነጻነት ይዋጋ የነበረው ሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች እንጂ ባሕር ሰርጓጅ አልነበረውም። የፍሪጌቶቻችን ቶርፔዶዎች የሚያድኑት ጠላት አልነበራቸውም ማለት ነው። የሚጠብቃቸው ባለሙያ ግን ነገ እንደሚተኮሱ አድርጎ ማሰናዳት ነበረበት። የአፋር ሰው ጊሌ የሚባለውን ጩቤውን ሰገባው ውስጥ ስለታም አድርጎ ያኖራል፤ ስለቱን የሚጠብቀው ጠብ ሲመጣ ብቻ አይደለም። የቴክኒሻኑም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ተመልካች የለውም፣ ውጤቱም ምንም ነገር አለመከሰቱ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ሳይሰለቹ መቆየትን ከዕውቀቱ እኩል አከብረዋለሁ።

ምጽዋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ከእጅ ወጣች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት ወደቦች ሸሹ፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሰንደቅ ዓላማችንን ያውለበለበችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ኃይሉ መልሶ እንደሚቋቋም ተነገረ። መርከብ በገንዘብ ይገዛል። ሽቦው በየት በኩል እንደሚታሰር፣ የትኛው መገናኛ ቶሎ እንደሚዝግ፣ ግራሶው ስንት እንደሚበቃው የሚያውቁት ግን ያኔ ወጣት የነበሩት፣ ዛሬ ያረጁት ባለሙያዎች ናቸው። በሕይወት ያሉትን ፈልጎ፣ ወንበር አቅርቦ፣ የሚያውቁትን አንድ በአንድ መጻፍ የአዲሱ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ የመጀመሪያ ትምህርት መሆን አለበት።