ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ቮልስ ስትነሳ ከተርገፈገፈች ባለቤቱም መካኒኩም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ «ፍሪሲዮን ጨርሳለች።» ፍርዱ የሚፈጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ቡሎን ብቻ ስለሆነ፣ እጁ የለመደ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሬት ያወርደዋል። ማውረዱ ሲቀል ማሰቡ ይዘለላል። አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክ ይገባል፤ መኪናዋ ከጋራዥ ወጥታ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ያው ትንቀጠቀጣለች። «ጋሼ፣ ዲስኳ እኮ ገና አዲስ ነው» እያለ የሚመጣው ደንበኛ ብዙ ነው።

እኔ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ቁልፉን ተቀብዬ ራሴ እነዳታለሁ። መጀመሪያ ማርሽ ሳላስገባ ሞተሩን አዳምጣለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ካርቦራተሩ ካልተስተካከለ ነዳጁ ይበዛል፣ ሞተሩም ገና ጭነት ሲያገኝ ይንገዳገዳል። እሱ ደህና ከሆነ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም በኋላ ማርሽ አስነሳታለሁ። በአንዱ ተርገፍግፋ በሌላው ለስላሳ ከሆነች ጥርጣሬዬ ወደ ሱፖርቶዎቹ ይዞራል። ዲስክ አቅጣጫ አይመርጥም።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጀርባ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ካምቢዮውን የያዙት ደግሞ ከፊትና ከኋላ ያሉት የላስቲክ ሱፖርቶዎች ናቸው። ላስቲኩ ከብረቱ ሲላቀቅ፣ ጭነት በመጣ ቁጥር ሞተርና ካምቢዮ አብረው ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። የፍሪሲዮን ገመድ ከፔዳሉ ተነስቶ የሚያልቀው እዚያው ካምቢዮው ላይ ስለሆነ፣ ካምቢዮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ገመዱ ይሳባል፣ ይላላል፤ ፍሪሲዮኑም ይለቃል፣ ይይዛል። በያዘ ቁጥር ካምቢዮው እንደገና ይነቃነቃል። ሹፌሩ እግሩን ሳያንቀሳቅስ መኪናዋ ራሷ ፔዳሉን የምትረግጥ ያህል ነው።

ፋብሪካው ይህን እንዲያበርድ ያስቀመጠው፣ ገመዱ ከወለሉ ወጥቶ ወደ ካምቢዮው የሚሻገርበትን ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው ቱቦው ቀጥ ሲል ጥሩ ይመስለዋል። ግን ሆድ ማውጣት አለበት፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ዘንግ ቢያዝበት፣ መሃሉ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መርገብ ይኖርበታል። ያ ጉብጠት ገመዱን በመጠኑ ስለሚፈትገው ንቅናቄው በሙሉ ወደ ፍሪሲዮኑ አይደርስም። መኪናዋ ሥር ገብቼ ቱቦውን በጣቴ እከተለዋለሁ፤ ቀጥ ብሎ ካገኘሁት በካምቢዮው በኩል ሮንዴላ እየጨመርኩ ሆዱን አወጣለሁ። ከዚያ በግራ የኋላ ጎማ በኩል ባለው ባለክንፍ ዳዶ የፔዳሉን ባዶ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር አደርገዋለሁ። ሞተር ሳይወርድ፣ በጥቂት ሮንዴላ ጤነኛ ሆና የምትወጣ ቮልስ ብርቅ አይደለችም።

ሱፖርቶውም ቱቦውም ተስተካክሎ በሁለቱም አቅጣጫ ከተርገፈገፈች ግን ሞተሩ ይውረድ። ከወረደ በኋላ ዲስክ ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ዲስኩ ከሚጫንበት ቮላኖ ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ፣ ፓራዮሊዮው፣ የሚያፈስ ከሆነ አዲሱም ዲስክ ዘይት ይጠጣል፤ ዘይት የጠጣ ዲስክ ደግሞ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ከታየ ብረቱ በሙቀት ተቃጥሏል ማለት ነው። እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ዳገት ላይ ፍሬን ትቶ በባላንስ መቆም የሚያመጣው ይህንን ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ ካልተላጨ አዲሱ ዲስክ እኩል አይይዝም።

ቮልስ ያላችሁ ሁሉ፣ «ሞተር ይውረድ» ስትባሉ መጀመሪያ «ሱፖርቶውንና ቱቦውን አይተሃቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩ ካላያቸው ቁልፉን አትስጡት።