ክሩ ከመበጠሱ በፊት፤ ስለ ሯጮች ፎቶግራፍ ጥቂት ሒስ

ባለፈው ቅጽ አንድ ጓደኛችን ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ አይደለም ሲል ጽፎ ነበር። ሠዓሊ ይፈጥራል፣ ገጣሚ ያምጣል፣ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ጣቱን ይጫናል፤ የቀረው የማሽኑ ሥራ ነው፤ የስፖርት ፎቶግራፍማ ቦታ ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው የሚል ነበር የጽሑፉ ጭብጥ። ጓደኛችንን እናከብረዋለን፤ በብዕሩም እንቀናለን። በዚህ ነገር ግን አንስማማም። እንዲያውም ነገሩ «ኪነት ነው፣ አይደለም» ከሚለው ክርክር ይከብዳል ባዮች ነን። ምክንያቱም አብዛኞቻችን ጀግኖቻችንን የምናውቃቸው ሲሮጡ አይተን ሳይሆን በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ያስቀረልንን እናስታውሳለን፤ የጣለውን ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልነበረ እንቆጥረዋለን።

አንድ ችግር አለብን። የቡለቲናችን ማባዣ ፊደል እንጂ ፎቶግራፍ አያወጣም። ስለዚህ የምናመሰግናቸውንና የምንነቅፋቸውን ምስሎች አንባቢ በዓይነ ኅሊናው እንዲያይልን እንለምናለን። ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዘመኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የማሽኑን ነገር እናስቀድም። አጭር ርቀት የሚሮጥ ሰው በአንድ ሴኮንድ ወደ 10 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለሴኮንድ አንድ ሺህኛ ቢከፈት ሯጩ በዚያን ጊዜ የሚሄደው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ሁለት እግሩን ከመሬት አንሥቶ አየር ላይ እንደ ሐውልት ደርቆ ይወጣል፤ የላቡ ጠብታ ሳይቀር ይቆጠራል። መዝጊያው ለሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ቢከፈት ግን 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ያን ጊዜ አንሺው ካሜራውን ከሯጩ ጋር እኩል እያዞረ ካልተከተለው ምስሉ ጭስ ይሆናል። ከተከተለው ደግሞ ፊቱ ጠርቶ፣ እግሩና ከበስተኋላው ያለው ተመልካች እንደ ወራጅ ውኃ ተዘርግቶ ይታያል። አንደኛው አካሉን ያሳየናል፤ ሁለተኛው ፍጥነቱን። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሁን የሚለውን ማሽኑ አይወስንም። ሰው ነው የሚወስነው።

ሰው የማይወስንበት ፎቶግራፍ ማየት የሚሻ ካለ በመጨረሻው መስመር ላይ የተተከለውን መሣሪያ ይመልከት። ያ ካሜራ በቀጭን ክፍተት መስመሩን ብቻ እያየ፣ በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይደረድራል። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር ሮጠው፣ አንዱ በ27:18.20፣ ሌላው በ27:18.29 ገቡ። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ! ይህን ለመለየት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን የመሣሪያውን ምስል ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም። የምንሰቅለው ሰው መርጦ ያነሣውን ነው። ምርጫ ካለ ደግሞ ሒስ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ሮም እንሂድ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ማራቶኑ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው፤ በመንገዱ ዳር የተሰለፉ ወታደሮች ችቦ ያበሩ ነበር። አበበ ቢቂላ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ፣ በባዶ እግሩ፣ በቆንስጣንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ገባ። ይህን ምስል የማያውቅ አንባቢ የለም። ሻይ ቤት ገብቶ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ጨለማው ከበስተኋላ ሁሉን ነገር ውጦ፣ ሰውየውንና ባዶ እግሩን ብቻ ትቶልናል። ውብ ነው፤ አንክድም።

ነገር ግን ያ ሩጫ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጅቷል። አንድ ፎቶግራፍ የሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ቢወስድ፣ ሩጫውን አራት ሚሊዮን ቦታ ከፍሎ አንዷን ቁራሽ አነሣ ማለት ነው። የቀረው የት ገባ? አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በዕቅድ አሠልጥኖታል። በባዶ እግሩ የሮጠውም ጫማ አጥቶ አይደለም። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው፣ በባዶ እግር መሮጡንም በልምምድ ስለሚያውቀው፣ አስቦበት የወሰነው ነው። ከተፎካካሪው ከሞሮኮው ራዲ ተለይቶ የሚወጣበት ቦታ እንኳ አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ከአክሱም ተዘርፎ ሮም ላይ የቆመው ሐውልት አጠገብ። (ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው።) በቅኔ ቋንቋ እንናገር ከተባለ ባዶ እግሩ ሰሙ ነው። ወርቁ ያ ዕቅድ፣ ያ ልምምድ፣ ሐውልቱ ሥር የተደረገው ያ ማፍጠን ነው። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ግን ሰሙ ብቻ ነው።

ውጤቱን እንመልከት። ብዙ ባዕድ ጸሐፊ ይህን ምስል አይቶ ድህነትንና የተፈጥሮ ስጦታን አነበበበት። ሥራን አላነበበም፤ አእምሮንማ ከቶ አላነበበም። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልጨረሰም። የውጭውን ሰው ብቻ እንዳንወቅስ ደግሞ ወደ ራሳችን እንይ። በዚሁ ቡለቲን ‹እግር›ን ከ‹አገር› ጋር ቤት እያስመታን ስንት ግጥም አወጣን? ኧረ እንተዛዘብ! አንዱም ግጥማችን ስለ ልምምድ አይናገርም።

የቅርጹን ጉዳይ ለማብራራት ሁለት ፊልሞችን እናነጻጽር። ሌኒ ሪፈንሽታል የ1936ቱን የበርሊን ኦሎምፒክ አንሥታ በ1938 «ኦሊምፒያ»ን አወጣች። ካሜራዎቿ ጉድጓድ እየተቆፈረላቸው ከታች ወደ ላይ አነሡ፤ ዘላዩ ከበስተኋላው ሰማይ ብቻ ያለው አምላክ መሰለ። ገንዘቡ የናዚ መንግሥት ነበር። ጉድጓዱን የቴክኒክ ብልሃት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን አናልፈውም። ሰውን ከጎረቤቱ ለይቶ ሐውልት የማድረግ ፍላጎት ከነጉድጓዱ ይታየናል።

ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ደግሞ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ አንሥቶ ፊልሙን በ1965 አወጣ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በ2:12:11.2 ሁለተኛውን ወርቅ ያገኘበት ሩጫ ነው። አሁን ጫማ አድርጓል። ኢቺካዋ በረዥም ሌንስ ፊቱን አቅርቦ፣ እንቅስቃሴውን አዘግይቶ፣ ለረዥም ጊዜ ብቻውን ያሳየናል። ያ ጭምት ፊት ይቆጥራል፣ ይመዝናል፣ ያስባል። ያው ፊልም ውኃ ለመጠጣት የቆሙትንና ሩጫውን ያቋረጡትንም አይዘልም። አሠሪዎቹ ሹማምንት ፊልሙን አልወደዱትም፤ የድል መዝገብ ጠብቀው የድካም መዝገብ መጣላቸው። እኛ ግን አበበን ያወቅነው በዚህ ፊልም ነው እንላለን። ሮም እግሩን ሰጠችን፣ ቶኪዮ ሰውየውን።

ታዲያ የመጨረሻው መስመር ፎቶግራፍ ሁሉ ባዶ ነው ልንል ነው? አይደለም፤ ሐሳባችንን የሚፈትን አንድ ምስል አለ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ማራቶን ፈይሳ ሌሊሳ ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ያን ጊዜ በኦሮሚያ ሲቃወም የነበረው ሕዝብ ምልክት ነበር። መስመሩ ላይ የተኮለኮሉት ካሜራዎች የተዘጋጁት ለፈገግታ፣ ለዕንባና ለባንዲራ ነበር፤ ያላሰቡት ነገር መጣባቸው። እዚህ ላይ ምስሉን ያቀናበረው ሯጩ ራሱ ነው። ለዚያች ቅጽበት ዋጋ ከፍሎባታል፤ አሜሪካ ቆይቶ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2018 ነው። ይህ ፎቶግራፍ የሚጸናው የድል ቅጽበት ስለሆነ አይደለም። ከክሩ በፊት ያለውን ሁሉ፣ የሰውየውን ሐሳብና የመጣበትን ሕዝብ፣ ይዞ ስለገባ ነው።

በመጨረሻ ጥፋታችንን እንናዘዝ። አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በተዋስናት ካሜራ መስቀል አደባባይ ሄደን፣ በደረጃዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጡትን አነሣን። ብርሃኑ ገና ስለነበር መዝጊያው መዘግየት ነበረበት፤ አብዛኛው ጭስ ሆነ። ሁለት ብቻ ተረፉ። አንዱ ከፊት የሚሮጥ፣ ደረቱን የነፋ፣ አየር ላይ የቆመ ወጣት ነው። ሌላው ከሁሉ ኋላ የቀረች ልጅ ናት፤ እግሯ ፈስሷል፣ ፊቷ ግን ጠርቷል፤ ጥርሷን ነክሳ ከፊቷ ያለችውን ጓደኛዋን ጀርባ ታያለች። ለግድግዳ ጋዜጣችን አንዱን ብቻ መምረጥ ነበረብን። የቱን መረጥን? ወጣቱን! «የእሷ ደብዝዟል» አልን፣ ሁላችንም አንድ ላይ። ያን ምርጫ ማንም አላዘዘንም፤ ማሽኑም አልፈረደም። ዓይናችን ለካ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ተገርቶ ኖሯል።

እንግዲህ ካሜራ ላላችሁ ጓደኞቻችን ጥያቄያችን ይህ ነው። ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ ውጡ፤ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙ፤ ኋላ የቀረውን ጠብቁ። ገጣሚዎቻችንም እግርን ለጊዜው አሳርፋችሁ ፊትን ጻፉ። የልጅቷን ምስል ከነገ ጀምሮ በወጣቱ ቦታ እንሰቅለዋለን። ያለፈው ቅጽ ጓደኛችን መጥቶ ይየውና፣ ማን እንዳነሣው፣ ጣት ነው ወይስ ዓይን፣ በሚቀጥለው ቅጽ ይንገረን።