ድንጋይ የማይጸናበት ሜዳ

ፎገራ ላይ ሐውልት ለማቆም ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከአፈሩ ጋር መስማማት አለበት። ከወረታ ወጣ ሲሉ የሚዘረጋው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ለሩዙ ሲሳይ ነው፤ ግንበኛው ግን ያዝናል። መሠረቱ ጠልቆ ያልተቆፈረ ግንብ ጥቂት ክረምት እንዳለፈው ጥጉ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ጦርነት ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ወረታ መገናኛ ናት፤ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚያደርሰው መንገድና በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚለያዩት እዚሁ ነው፤ ሠራዊት ሲንቀሳቀስም የሚፈልገው ይህንኑ መንገድ ነው። በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የያዘው በዚህ አካባቢ አልፎ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ጦርነቱ በወልድያው መስመር እስከ ንፋስ መውጫ ዘልቆ ነበር። ከሜዳው የሄዱት ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ የወደቁት ርቀው ነው፤ ኦጋዴን፣ ናቅፋ፣ አፋቤት፣ ምጽዋ፣ ባድመ። አስከሬን አይመጣም። የሚመጣው መርዶ ነው፤ እሱም ቢሆን ለብዙው ቤት በወረቀት አልመጣም፤ አብሮት የነበረ ሰው ዓመታት ዘግይቶ በቃሉ ነው ያደረሰው።

ስለዚህ እዚህ አገር የጦርነት መታሰቢያ የሚሠራው በሌላ እጅ ነው። ሠሪዎቹ ሸማኔው፣ ኮርቻ ሠሪው፣ ከሁሉም በላይ ሙሾ አውራጇ ናቸው። የእጅ ሥራ ብዬ ላደንቅ የተነሣሁትም ይህንኑ ነው።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ሲወጣ እንየው። አስከሬን በሌለበት መሐል ላይ የሚቀመጠው ንብረቱ ነው፤ ፎቶግራፉ፣ ካባው ወይም የወታደር ልብሱ፣ ጠመንጃው። ለታወቀ ሰው ፈረሱ ኮርቻና ግላስ ለብሶ፣ ተቀማጭ ሳይኖረው በልጓሙ ይሳባል። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ይያዛል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ የጠመንጃው ሰደፍ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ጉንጭ ያረፈበት በኩል ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ለስልሷል፣ ማንገቻው ቆዳ ትከሻው ላይ በዋለበት ቦታ ጠቁሯል። አሮጌ ምንሽር ከሆነማ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሁለት ሰው ጉንጭ ነው ያለሰለሰው። ይህን ቀራፂ በነሐስ ላውጣው ቢል አይሆንለትም።

ሴቶቹን ደግሞ ተመልከቱ። ሸማኔው ድርና ማጉን አስማምቶ፣ ጥለቱን በቀለም ክር ሲጥል፣ ከታች ወርዶ እንዲታይ ብሎ ነው የለፋበት። ሐዘን ሲመጣ ያው ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና አንገት ሥር ይውላል። አዲስ ልብስ አልተገዛም፣ ጥቁር አልተነከረም፤ የሰንበቱ ልብስ አለባበሱ ብቻ ተገልብጦ ሐዘን ይናገራል። ጠመንጃውም ነጠላውም በአንድ ሥርዓት ተዘቅዝቀዋል። እንዲህ በጥቂት ነገር ይህን ያህል የሚናገር የመታሰቢያ ጥበብ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ሙሾ አውራጇ ጋ ስንደርስ ሥራው ይረቅቃል። ብልኋ ሴት ዝም ብላ አትጀምርም። ከቅርብ ዘመድ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ አባቱ ማን ይባላል፣ የበሬው ስም ማን ነበር፣ የት ዘመተ፣ ማንን አጭቶ ነበር፣ ለማን ቃል ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ እያንዳንዱን መልስ በሁለት ስንኝ ታስረዋለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል፣ ደረት ይደቃል። የፈረስ ስም ካለው እሱንም ትጨምራለች፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። የኮሪያ ዘማቾቻችን የቃኘው ሻለቃ የተባሉት እንኳ በልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው።

የሰው ሙሾ ከመጥቀስ ራሴ አንድ ልሞክር፦

ርብም ሞልቶ ሄደ፣ መንገዱም ደረቀ፣
ጠመንጃው ገባና ጌታው ምነው ራቀ።

ስንኙ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም እየለየ ይሄዳል፣ ቤት የሚመታውም በ«ቀ» ነው። የኔው ሙከራ ከእውነተኛዎቹ ጋር አይወዳደርም፤ የአሠራሩን መላ ግን ያሳያል። የመጀመሪያው መስመር ስለ ሞት አንዲት ቃል አይናገርም። ፎገራ ውስጥ ለቀረ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ምክንያት ነው የሚያነሳው፤ ወንዙ ሞልቶበት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ነው። ያንን ምክንያት ሙሾዋ ገና በመጀመሪያው ስንኝ ትነጥቅሃለች። ሁለተኛው ላይ ጠመንጃው ከመንገድ እንደመጣ ሰው «ገባ»፤ ጌታው ደግሞ «ሞተ» አልተባለም፣ «ራቀ» ነው የተባለው። እናት እንባዋ የሚፈታው እዚህች ላይ ነው።

ወንዶቹም የራሳቸው ሥራ አላቸው። አብሮት የዘመተ ካለ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ ይሸልላል፣ ቦታውን ይጠራል፣ ማን ከማን ጎን እንደወደቀ ይመሰክራል። አንዳንድ ቤተሰብ ከመንግሥት ያላገኘውን ምስክርነት የሚያገኘው ከዚህ ብቻ ነው። ዘማቹም ሌላ ጊዜ የማያወራውን የሚያወራው እዚህ ነው፤ ፉከራው ካለቀ በኋላ ተቀምጦ ፊቱን በነጠላው ሲሸፍን ያየ፣ ለማን እንደፎከረ ይገባዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። ባሕር ዳር ላይ አባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ለፎገራ ሰው ቅርብ ነው፤ ደርግን ሲታገሉ የወደቁትን ያስባል። ቦታው ያማረ ነው። ግን ከአንድ ቤት አንዱ ልጅ በትግሉ፣ ሌላው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በደርግ ሠራዊት የሞቱባት እናት እዚያ ስትደርስ የምታገኘው የአንዱን መታሰቢያ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ሙሾ አውራጇ ሁለቱንም ትጠራለች፤ በየትኛው ወገን ሞተ ብላ አትጠይቅም፣ የበሬውን ስም ነው የምትጠይቀው።

አዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው ትግላችን ሐውልትም በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ዓምዱ 50 ሜትር ይደርሳል። ቀረጻው ጥሩ ነው፤ ጡንቻው፣ የልብሱ እጥፋት፣ የተዘረጋው ክንድ። ሆኖም በነሐሱ ላይ የተሰለፈው ወታደር ማንም ሊሆን የሚችል ወታደር ነው፤ ኦጋዴን የቀረ ወንድሙን ፊት ልፈልግ ያለ ሰው የሚያገኘው ሕዝብን ነው። በኦጋዴን የተሰዉት ኩባውያን ግን በዚያው ግቢ ምስላቸው አለ። ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ይሻላል እላለሁ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ በነበረው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተጨፈጨፈውን የከተማ ሕዝብ ለማሰብ ዩጎዝላቮቹ አንቱን አውግስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው የሠሩት። ነሐሱ ላይ ያሉት ሰዎች ለተመልካች አይቆሙም፤ ወድቀዋል፣ ተደራርበዋል። በየዓመቱ አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው እዚያ ይቆማሉ፤ አበባ ይቀመጣል። አርበኞቹ እያነሱ ሲሄዱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ኒሻን አጥልቀው ይመጣሉ።

ከውጭዎቹ ደግሞ ለሙሾ ጥበብ የቀረበው ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ይመስለኛል። ማያ ሊን የምትባል ገና ተማሪ የነበረች ወጣት ነች የነደፈችው፤ በ1982 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተመረቀ። ጥቁር የተወለወለ ድንጋይ ላይ ከ58,000 በላይ ስም በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ተቀርጿል፤ ማዕረግ የለም። ቤተሰብ ስሙን ያገኘዋል፣ ወረቀት ያኖርበታል፣ በእርሳስ ፈትጎ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩ ስለሚያንጸባርቅ ስሙን የሚያነብ ሰው የራሱንም ፊት ያያል። ይህች ጠቢብ አንዲትም ሥዕል ሳትጨምር ሟቹንና ሐዘንተኛውን አንድ ገጽ ላይ አገናኘቻቸው።

ያም ሆኖ በዚያ ግድግዳ ላይ የፊደል ስሕተት ያለባቸው ስሞች አሉ፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸን ፊደል ማረም ጣጣ ነው። ፎገራ ላይ ሙሾ አውራጇ የአያቱን ስም ከሳተች ከኋላ የተቀመጠች አክስት «ኧረ አይደለም!» ብላ ትጮኻለች። አውራጇ አትቆምም፤ ዜማውን ሳትለቅ ትክክለኛውን ስም አስገብታ ስንኙን መልሳ ትጥለዋለች፣ ሕዝቡም በአዲሱ ይቀበላል፤ አክስትዮዋም በኩራት ነጠላዋን ታስተካክላለች።