«አንድ» የምትለው ቃል፦ ልጆች ጠላትን የሚማሩበት ቋንቋ

መንደርደሪያ

ስለ ጦርነት ሥነ ጽሑፋችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኮርበት ጀግናው ነው። ገጣሚው ጀግናውን እንዴት እንደሣለው፣ በምን ዘይቤ እንደተጠቀመ፣ ቤት አመታቱ ምን ያህል እንደሰመረለት እንጠይቃለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ግጥሙን ወይም ታሪኩን የሚሰማው የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ጠላት የሚባለውን ሰው በምን መልክ ይቀበለዋል? ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ የሌላ ደራሲ ሥራ ሳይሆን የራሴ ነውና ከእርሱ ልጀምር።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ተጀመረ። ዓመት ሲሞላው እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሚያከብረው የወላጆች ቀን የሚያነበው ግጥም ጻፍኩለት። ግጥሙ ሃያ ስንኝ ያህል ሲሆን «ሻዕቢያ» የሚለው ስም በየአራት ስንኙ ይመላለስበታል። ሻዕቢያ ይመጣል፤ ይወራል፤ ይመታል፤ ይወድቃል። ወንድሜ በቃሉ ወጣው፤ ተጨበጨበለት። ከእርሱ ጋር ዘወትር ብይ የሚጫወተው የጎረቤታችን ልጅም ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። አባቱ ከጥቂት ወራት በፊት የኤርትራ ተወላጅ ነህ ተብለው ከአገር ወጥተዋል።

በሳምንቱ ወንድሜ ብዩን ሰብስቦ «ከሻዕቢያ ጋር አልጫወትም» ሲለው ሰማሁ። እናታችን ተቆጣችና «ይህን ማን አስተማረህ?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ክረምቱ ሳያልፍ የልጁ እናት ልጆቿን ይዛ ባሏን ተከትላ ሄደች። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ የተባረሩት ሰዎች ወደ 75,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጥተዋል።

የነጠላው ስም ጉልበት

በቤታችን ጎረቤትን ጥላ ብሎ ልጁን የመከረው ሰው አልነበረም። ግጥሜም ቢሆን ስለ ጎረቤት አንድም ቃል አይናገርም። ታዲያ ወንድሜ ከየት አመጣው? መልሱን ከግጥሙ ሐሳብ ይልቅ በሰዋስዉ ውስጥ ማግኘት የሚቻል ይመስለኛል።

በአማርኛ ስለ ወራሪ ስንናገር «ጣልያን ገባ»፣ «ጠላት ሸሸ» እንላለን። ስሙ ነጠላ ነው፤ ግሡም ነጠላና ተባዕታይ ሆኖ ይከተለዋል። ለጎልማሳ ሰሚ ይህ የተለመደ የጅምላ አነጋገር ስለሆነ ከጀርባው ሠራዊት፣ መንግሥትና ትእዛዝ መኖሩን ያውቃል። ልጅ ግን የሚሰማው ቃል በቃል ነው፤ አንድ ግዙፍ ሰው መጣ ይባላል፤ ያም ሰው ስም አለው። እንግዲህ ያንን ስም የተሸከመ ሰው በሰፈር ሲያገኝ፣ ባለ ብዩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ «መጣ» የተባለው እርሱ ነው ብሎ ይደመድማል። ሻዕቢያ የድርጅት ስም መሆኑን ወንድሜ አላወቀም። ግጥሜም እንዲያውቅ ዕድል አልሰጠውም።

ይህ ፉከራንና ቀረርቶን እንደ መንቀፍ እንዳይቆጠርብኝ እፈልጋለሁ። ፉካሪው በልማዱ የሚፎክረው በዋለበት ነው፤ ለቃሉም ተጠያቂ አለው፤ ያልሠራውን ቢናገር አብሮት የዋለ ሰው ይታዘበዋል። ለልጅ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ግጥም ድምፁን ከፉከራ ይወስድና ተጠያቂነቱን ይተወዋል። ልጁ ባልዋለበት ይፎክራል፤ ባላየው ሰው ላይ ይዝታል።

ሦስት ምሳሌዎች

በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው፣ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ በታወቀው ሥራ፣ መንትዮቹ ዋህድና ጦቢያ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተደረገ ጦርነት ምክንያት ለመከራ የተዳረጉ ልጆች ናቸው። ጠላት መጀመሪያ የሚመጣው ፊት የሌለው ጅምላ ሆኖ ነው። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን ከባዕዱ ወገን የሚወድ፣ የሚራራና የሚጨነቅ ንጉሥ ብቅ ይላል። ደራሲው እዚህ ድረስ የተጓዘው ጉዞ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ግጭቱ የሚፈታው ንጉሡ ክርስትናን ሲቀበል ነው። ባዕዱ የሚወደደው ባዕድነቱ ሲያበቃ ነው ማለት ነው። አንባቢው ልጅ ሳይለወጥ ከሚቀረው ባዕድ ጋር እንዴት እንደሚኖር መጽሐፉ አይነግረውም።

ሁለተኛው ምሳሌ በእኛው ላይ የተነጣጠረ ነው። በፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1926 በተቋቋመው የባሊላ ድርጅት ውስጥ ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች ይደራጁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መንግሥት ባዘጋጀው ወጥ መጽሐፍ ይማሩ ነበር። ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ኢትዮጵያዊ አይተው የማያውቁ ልጆች ኢትዮጵያዊን ከባርነት የሚያላቅቁት አረመኔ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ቀርቦላቸው ነበር። ወራሪና ተወራሪ በሚዛን እኩል አይደሉም። የልጁ ጆሮ ላይ የተሠራው ሥራ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ሕዝብ አንድ ፊት ብቻ ተሰጠው።

ሦስተኛው የጀርመናዊው ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ እ.ኤ.አ. የ1929 ልብ ወለድ «በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም» ነው። ተራኪው ፓውልና ጓደኞቹ ወደ ጦርነቱ የገቡት በመምህራቸው በካንቶሬክ ግፊት ነው። ኋላ ፓውል ጉድጓድ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር ይወጋል፤ ሰውየው እስኪሞት አብሮት ይቆያል። ከኪሱ ባገኘው ደብተር ጄራር ዱቫል እንደሚባልና የማተሚያ ቤት ሠራተኛ እንደሆነ ይረዳል፤ የሚስቱንና የትንሽ ልጁን ፎቶግራፍም ያያል። «ፈረንሳይ» የሚለው የጅምላ ስም እዚህ ላይ ተሰብሮ አንድ ሰው ይወጣል። ለሟቹ ቤተሰብ እጽፋለሁ ብሎ ይምላል። በማግሥቱ ወደ ጓዶቹ ሲመለስ ግን ነገሩ ይደበዝዝበታል፤ መሐላውም ከጉድጓዱ አያልፍም። የሬማርክ ብርታት በዚህ ላይ ይታየኛል፤ በልጅነት በመምህር አፍ የተተከለውን አንድ ሌሊት እንደማይነቅለው ያውቃል። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ካቃጠሏቸው መጻሕፍት አንዱ ይህ መሆኑም አያስገርምም።

የአያቴ ትረካ

«የተወረረ ሕዝብ ጠላቱን ጠላት ብሎ ካልጠራ ምን ሊል ነው?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ያገኘሁት ከአያቴ ነው። አያቴ በጣልያን ጊዜ በሰላሌ ልጃገረድ ነበሩ። «ጣልያን ቤታችንን አቃጠለ» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው አይለዝብም፤ ይቅርታም አልጨመሩበትም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አንድ ጣልያን ነበረ፤ እግሬ ላይ የወጣውን ቁስል እያጠበ ያሽግልኝ ነበር» ይላሉ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያውን አልሰረዘውም፤ ያቃጠለውም ነፃ አልወጣም። ነገር ግን «አንድ» በምትለው ቃል ምክንያት እኛ ልጆቹ ጣልያን የሚባል አንድ ግዙፍ ሰው እንደሌለ ገባን። ፊደል ያልቆጠሩት አያቴ ያኖሯትን ቃል እኔ ተምሬ ጣልኳት።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ልጅ የጦርነትን ጥላቻ የሚወርሰው በስብከት ብቻ አይደለም፤ በስም አጠራር፣ በነጠላ ግሥና በሚመላለስ ስንኝም ነው። ስለዚህ ለልጆች የተጻፈ የጦርነት ሥራ ስንሔስ ከቤት አመታቱ ጋር ሁለት ነገሮችን ብንጠይቅ እላለሁ፤ በሥራው ውስጥ ከጠላት ወገን «አንድ» የተባለ ሰው አለ ወይ? ያ ሰውስ እኛን ሳይመስል ሰው ሆኖ መቆየት ተፈቅዶለታል ወይ?

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል በረራ ሲጀመር፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነው ወንድሜ ያንን የጎረቤት ልጅ ለማፈላለግ አስቦ ወደ እኔ ደወለ። ስሙን ረስቶት ኖሮ «ማን ነበር የሚባለው?» አለኝ። እኔም ወዲያው አልመጣልኝም፤ ያስታወሰችን እናታችን ናት። ግጥሙን ግን ወንድሜ እስካሁን አንድ ስንኝ ሳይስት በቃሉ ይወጣዋል።