ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍና «ግዛ» ስለሚለው ቃል

በዚህ ገጽ መጻሕፍትን መመርመር ልማዳችን ነው፤ ዛሬ ግን የምንመረምረው የመጽሐፉን ቃል ሳይሆን ቃሉን የተሸከመውን ዕቃ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል የሚባለውን ማንበቢያ መሣሪያ በ2000 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ከነቀፋው በፊት የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ከአንድ የብራና ዳዊት የሚቀል ሲሆን በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ይይዛል፤ ዐይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን እንደ ወደደ ያጐላዋል፤ ገጹም እንደ ስልክ መስተዋት ዐይን አይወጋም። በጧፍ ብርሃን ደቂቅ ጽሕፈት ሲያነብ ላረጀ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነቀፋችን በአንዲት ቃል ላይ ነው። ሰው መጽሐፍ በመረጠ ጊዜ መሣሪያው በእንግሊዝኛ «ግዛ» ይለዋል። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ኅብር ነው፤ ዋጋ ከፍሎ መውሰድም መግዛት ይባላል፥ በሥልጣን ማዘዝም መግዛት ይባላል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ያደሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ሰው በዋጋ ገንዘቡ ባደረገው ነገር ያዝበታልና፤ ያውሰዋል፥ ይሸጠዋል፥ ለልጁ ያወርሰዋል። በኪንድል ግን ሰሙ «ግዛ» ሲሆን ወርቁ «እኔ እስከ ፈቀድሁ ድረስ አንብብ» የሚል ነው። ማንም የማያነበው ረጅሙ የውል ጽሑፍ እንደሚገልጠው ከፋዩ የሚቀበለው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድ ነው። ባለቅኔ ወርቁን ቢሰውር ሰሚው ፈልጎ አግኝቶ ደስ እንዲለው ነው፤ ነጋዴ ሲሰውረው ግን እንዳይገኝበት ነው።

ይህም በሐምሌ ወር 2001 ዓ.ም. ተገለጠ። መብት የሌለው አንድ ድርጅት የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉትን መጻሕፍት በአማዞን በኩል ሸጦ ነበርና ኩባንያው ነገሩን ባወቀ ጊዜ ገዢዎቹን ሳይጠይቅ መጻሕፍቱን ከየመሣሪያቸው ፋቃቸው፤ ገንዘባቸውንም መለሰ። ከሁለቱ አንዱ ጽሑፍን እየደመሰሰ ያለፈውን ዘመን ስለሚለውጥ መንግሥት የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ ከዚህ የተሳካ ቅኔ ዐስቦ የሚቀኝ አይገኝም። ለትምህርቱ ማስታወሻ ሲጽፍበት የነበረ አንድ ተማሪ ምንባቡ ስለ ጠፋበት ማስታወሻው ከንቱ ሆነበት። የኩባንያው አለቃ ጄፍ ቤዞስ በዚያው ወር ድርጊቱን ሞኝነት ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

የሌላውን መብት የነካ መጽሐፍ መነሣቱ ትክክል ነው የሚል ሰው ይኖራል። ከገበያ ይነሣ፤ እኛም አንቃወምም። ዳሩ ግን ከገበያ ማንሣትና ከሰው ቤት ገብቶ ማንሣት ለየቅል ነው።

ማይክሮሶፍትም በ2011 ዓ.ም. የመጻሕፍት መደብሩን በዘጋ ጊዜ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ ከየገዢው እጅ ጠፉ። ዋጋቸውን መለሰ፤ በኅዳጉ ማስታወሻ ለጻፈም 25 ዶላር ጨመረለት። (በዚህ ዋጋ የአንድ መምህር የዕድሜ ልክ የኅዳግ ትርጓሜ ምን ያህል ያወጣ ይሆን?)

በብራና መጻሕፍታችን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ እናገኛለን። አባቶች የፈሩት ሌባን ነው፤ ሻጩ ራሱ ተመልሶ ይፍቃል ብለው አልጠረጠሩም። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ጥንታውያን ወንጌሎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን እንደ ተጻፉ የብራናው ምርመራ አሳይቷል፤ ግእዝ ያወቀ ሁሉ ዛሬም ያነባቸዋል፥ የጸሓፊውንም ፈቃድ ማሳደስ አያስፈልገውም።

በካሊፎርንያ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ እንዲህ ያለውን ፈቃድ የሚሸጥ ነጋዴ ነገሩ ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጥ ሳያስታውቅ «ግዛ» እንዳይል ከለከለ። ቃሉ በዚህ ታረመ። አማዞን ግን በሁለተኛው ወር፥ በየካቲት፥ ገዢው መጽሐፉን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ በሽቦ ወደ መሣሪያው የሚያሻግርበትን መንገድ ዘጋ። ይህም የመሣሪያው ጠባይ ያመጣው ግዴታ ነው እንዳይባል መጻሕፍታቸውን ያለ ምንም ቍልፍ የሚሸጡ አሳታሚዎች አሉ፤ የእነርሱም መጻሕፍት በዚያው በኪንድል ላይ ይነበባሉ።