ስለ ሼል ማሰናጃ ጽሑፍ፤ አጭር ሒስ

ከኮምፒዩተር ጋር በትእዛዝ መስመር የሚነጋገር ተማሪ ኹሉ፤ ይወቀውም አይወቀውም፤ የአንድ ድርሰት ባለቤት ነው። ይኸውም ሼል የተባለው ፕሮግራም በተከፈተ ቍጥር አስቀድሞ የሚያነበው የማሰናጃ ጽሑፍ ነው። ሼል፤ ትርጓሜው ቅርፊት ማለት ሲሆን፤ ሰው የሚጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ በኮምፒዩተሩ የሚያስፈጽም አገናኝ ነው። በማሰናጃው ውስጥ ባለቤቱ ለረዣዥም ትእዛዞች የቅጽል ስም ያወጣል፤ ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ የትእዛዝ መጠበቂያው ምልክት ምን እንደሚመስል ይወስናል። የዚህ ሒስ ዓላማ እንዲህ ያለው ጽሑፍ መልካም ወይም መጥፎ የሚባለው በምን እንደ ሆነ መመርመር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ፤ በአንድ ፋይል የተጻፉ ትእዛዞችን ተራ በተራ የሚያስፈጽም ራንኮም የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ የባሽን ማሰናጃ «ባሽ አር ሲ» ስንል፤ በመጨረሻ የምንጠራቸው ሁለት ፊደላት የዚያ ስም ቅሪት ናቸው። ስቲቨን ቦርን በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሼል በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር ወጣ፤ ብራያን ፎክስ ባሽን በ1989፤ ፖል ፋልስታድ ደግሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ዜድ ሼልን በ1990 አወጡ። ይህ የተማሪ ሥራ በ2019 የአፕል ኮምፒዩተሮች መደበኛ ሼል ለመሆን መብቃቱ ለተማሪዎች ኹሉ የሚያኰራ ነው።

አሁን ሁለት ሥራዎችን እናመዛዝን። የመጀመሪያው ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጠቃሚ የሚያድለው የባሽ ማሰናጃ ነው። ይህ ጽሑፍ ገና ሲጀምር «የሚያናግረኝ ሰው ነውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ካልሆነ ሥራውን እዚያው ያቆማል። ለሰው ምቾት የተሠራው ነገር ሰው በሌለበት ሥራ እንዳይገባ መከልከሉ ታላቅ ማስተዋል ነው። ከዚህም በቀር በየክፍሉ ራስጌ ምክንያቱ በአጭሩ ተጽፏል፤ ለቅጽል ስሞችም የተለየ ፋይል ተመድቦላቸዋል። ነቀፌታ የለበትም ማለት ግን አይደለም። ያለፉትን ትእዛዞች በፋይል የሚያኖረው እስከ 2000 መስመር ብቻ ነው፤ የተሠሩበትንም ቀንና ሰዓት አይመዘግብም። ለተመራማሪ የትእዛዞቹ ታሪክ እንደ ቤተ ሙከራ መዝገብ ስለሆነ፤ ቀን የሌለው መዝገብ ጐዶሎ ነው።

ሁለተኛው ሮቢ ራስል በ2009 የጀመረው ኦ ማይ ዜድ ሼል ነው። ይህ ሥራ ከ300 በላይ ተጨማሪ ክፍሎችና ከ100 በላይ የመልክ ጌጦች አሉት፤ ሼልን የሚፈሩትን ብዙ ሰዎች ወደ ሼል ማቅረቡም አይካድም። ነገር ግን ጊት ለተባለው የፋይል ለውጥ መዝጋቢ የተዘጋጀው አንድ ክፍል ብቻውን ከ100 የሚበልጡ የቅጽል ስሞችን ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩን እንኳ የሚያውቅ ተጠቃሚ ማን ነው? የቀሩት ባለቤቱ ያልጻፋቸው፤ ያላነበባቸው፤ ነገር ግን በስሙ የሚሠሩ ቃላት ናቸው። ሥራው በልማዱ በየ13 ቀኑ ራሱን ለማደስ ስለሚጠይቅም፤ ተጠቃሚው «እሺ» ባለ ቍጥር ድርሰቱ በሌላ እጅ ይለወጣል። አባቶች በሰው ወርቅ አይደምቁበት ያሉት ለዚህም ሳይሠራ አይቀርም።

ጕዳቱ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሒስ ባላስፈለገው ነበር። ፋይል የሚሰርዘውን አር ኤም የተባለ ትእዛዝ እንውሰድ። በሬድ ሃት ሊኑክስ ለብዙ ዓመታት የዋናው አስተዳዳሪ ማሰናጃ ይህ ትእዛዝ ከመሰረዙ በፊት «ይሰረዝን?» ብሎ እንዲጠይቅ በቅጽል ስም ያስገድደው ነበር። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ውጤቱ ግን ሰውን ጥያቄ የሚጠብቅ አድርጎ ያሳድገዋል። ያ ሰው ያ ማሰናጃ ወደሌለበት ኮምፒዩተር በሄደ ቀን፤ ጥያቄው ሳይመጣ ፋይሉ ይጠፋል። ስለዚህ የነበረውን ቃል ትርጕም ከመለወጥ ይልቅ ለአዲሱ ልማድ አዲስ ስም ማውጣት ይሻላል።

ከኹሉ የሚከብደው ግን የምርምር ነገር ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ደብልዩ ሲ የተባለው መቍጠሪያ ፊደል እንዲቈጥር ቢታዘዝ፤ ማሰናጃው ዩ ቲ ኤፍ 8ን ካሳወቀው ሦስት ይላል፤ ሲ በሚባለው ጥንታዊ ልማድ ከሠራ ግን ዘጠኝ ይላል (የመስመር መጨረሻው ምልክት ሳይቈጠር)። ትእዛዙ አንድ፤ ቃሉ አንድ፤ መልሱ ግን ሁለት ነው። እንግዲህ የአማርኛ ቃላትን ርዝመት የሚያጠና ተማሪ ይህን ጕዳይ በግል ማሰናጃው ብቻ ጽፎ ከተወው፤ ሥራውን በሌላ ኮምፒዩተር የሚፈትነው መምህር ሌላ ቍጥር ሊያገኝ ይችላል። ከሁለቱም አንዱ ስሕተት የት እንዳለ አያውቅም፤ ምክንያቱም ልዩነቱ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

በዚህ የተነሣ አንዳንዶች «ማሰናጃውን ፈጽሞ አለመንካት ይበጃል» ይላሉ። ይህ አስተያየት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ያልተነካ ማሰናጃም የሌላ ሰው ምርጫ ነው እንጂ ምርጫ የሌለበት አይደለም። በቀን መቶ ጊዜ የሚጻፍን ትእዛዝ ማሳጠር፤ የአንድን መሣሪያ ጠባይ ለእጅ ማስማማት፤ የሠራተኛ ኹሉ መብት ነው። ክርክሩ ስለ መለወጥ ሳይሆን፤ ለውጡን ስለማወቅና በቦታው ስለማኖር ነው።

ከዚህ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛ፤ ባለቤቱ ምክንያቱን ሊናገር የማይችለው መስመር በማሰናጃው ውስጥ አይኑር። ሁለተኛ፤ ለምቾት የሆነው በማሰናጃው ይቅር፤ የጥናቱን ውጤት የሚለውጠው ግን በጥናቱ ፕሮግራም ራስጌ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛ፤ ማንኛውም ሥራ ለመምህር ከመቅረቡ በፊት ማሰናጃው በማይነበብበት ባዶ ሼል አንድ ጊዜ ይፈተን፤ ባሽም ዜድ ሼልም እንዲህ ሆነው ሊከፈቱ ይችላሉ። ይህን ፈተና ያለፈ ማሰናጃ አሥር መስመርም ይሁን መቶ፤ ባለቤቱ የጻፈው ነው ሊባል ይገባዋል።