ጅማት በራሱ ጊዜ

ቆልማማ ሆኖ በተወለደ እግር ላይ አራት ነገር ተደራርቦ ይታያል። ውስጥ እግሩ ከልክ በላይ ይጎደጉዳል፤ የፊት ክፍሉ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ ከኋላ ያለው ጅማት ተረከዙን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዘው ጣቶቹ ወደ ታች ያቀረቅራሉ። በዓለም ላይ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ በሁለቱም እግራቸው ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሥራዬም ይህን እግር በእጅና በጀሶ ማቅናት ነው። በሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ ነገር ነው፦ የሰው አካል ቅርጹን የሚለውጠው ልኩን ላወቀ ኃይልና ለበቂ ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው ደግሞ ጅማቱ ራሱ ነው።

ሥራው ከአውራ ጣት ይጀምራል። የተራበ ልጅ ስለሚያወራጭ እናትየው እያጠባችው ብሠራ እመርጣለሁ። ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት በአውራ ጣቴ ስዳስስ ክብ ጉብታ አገኛለሁ፤ ታለስ የሚባለው አጥንት ራስ ነው። አውራ ጣቴ እዚያ ላይ አርፎ ይቆያል። በሌላው እጄ የእግሩን የፊት ክፍል ይዤ፣ መጀመሪያ በአውራ ጣቱ በኩል ያለውን አጥንት ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ውስጥ እግሩ የሚስተካከለው በዚህ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት እግሩን በሙሉ በታለስ ዙሪያ ቀስ እያልኩ ወደ ውጭ እወስደዋለሁ። ተረከዙን አልነካም። የተረከዝ አጥንት ከታለስ ሥር በነፃነት መዞር አለበት፤ እጅ ከያዘው አይዞርም። ከእኛ በፊት የነበሩት ታዋቂው አሜሪካዊ ሐኪም ሃይረም ካይት ግፊቱን ያሳርፉ የነበረው ወደ ተረከዙ በተጠጋው መጋጠሚያ ላይ ስለነበር ይህ መዞሪያ ይዘጋባቸው ነበር። ትዕግሥታቸው ብዙ ቢሆንም የእሳቸው ጀሶ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጅ ነበር። በጥቂት ሚሊሜትር የተሳሳተ የጣት ማረፊያ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

ማሸቱ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ስስ ጥጥ ይጠመጠማል፤ ጀሶው መጀመሪያ እስከ ጉልበት ሥር ይታሰራል። ጀሶው እስኪደርቅ ጣቶቼ አንድ ቦታ ላይ አይረጉም፤ አንድ ቦታ ከተጫኑ ቆዳው ይቆስላል። የታለስን ራስ፣ ቁርጭምጭሚቱንና የተረከዙን ዙሪያ እየዳሰስኩ ቅርጽ አስይዘዋለሁ። ከዚያ ጉልበቱን ዘጠና ዲግሪ አጥፌ ጀሶውን እስከ ጭን እቀጥለዋለሁ፤ ከጉልበት በታች የቀረ ጀሶ ሾልኮ ይወልቃል፣ የተገኘው መዞርም አብሮት ይጠፋል። የእግር ጣቶቹን ከላይ ገልጬ እተዋቸዋለሁ። ጫን ብዬ ስለቅ ነጣ ብለው ወዲያው ከቀሉ ደሙ ይዘዋወራል ማለት ነው፤ እናትየውም ቤት ሄዳ እንድታደርገው ይህንኑ አሳያታለሁ።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ሥራዬን ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጠበቅ አድርገህ ቶሎ አቅናው እንጂ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ዛሬ ባስጨንቀው ጅማቱ ይቆጣል፤ የሚቀጥለው ሳምንት የራሱ ድርሻ አለው» አልኳቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን፣ አምስት ስድስት ሳምንት መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሳምንቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ማስረዳት ዕዳዬ ነው።

በሕፃን እግር ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቃጫዎቹ ሞገድ አላቸው፤ በመካከላቸውም ብዙ ሕዋስ አለ። እግሩን ቀስ ብዬ ስስብ በቅድሚያ የሚዘረጋው ይህ ሞገድ ነው። እሱ ሲያልቅ ሸክሙ በቃጫው በራሱ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ በእጄ ሥር ጅማቱ ሲጠጥር ይሰማኛል። ከዚያ ካለፍኩ ቃጫ ይበጠሳል፤ የተበጠሰው በጠባሳ ይድናል፤ ጠባሳ ይኮማተራል፤ እግሩም ይደርቃል። ስለዚህ የጠጠረበት ቦታ ላይ ቆሜ በጀሶ እይዘዋለሁ። በጀሶው ውስጥ ጅማቱ በተሳበበት ርዝመት እንዳለ ውጥረቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሞገዱ ተመልሶ ይመጣል። በሳምንቱ ጀሶው ሲፈታ እንደገና ሊዘረጋ የተዘጋጀ ጅማት ይጠብቀኛል።

ይህን ያስተዋሉት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ቁስለኛ ሲያክሙ ቆይተው ተሰደዱ፤ በሜክሲኮ አድርገው በ1941 አሜሪካ፣ አይዋ ገቡ። ዘዴያቸውን በ1963 አሳትመውት ዓለም በሰፊው የተቀበለው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ አብዛኛው ሐኪም የሚያምነው በሰፊ ቀዶ ሕክምና ነበር። በዚያ መንገድ የተቀደዱት እግሮች ልጁ ሲያድግ የደረቀና የሚያም እግር ሆነው መቅረታቸው እየታየ ሲመጣ የፖንሴቲ ትዕግሥት ዋጋው ታወቀ።

ፖንሴቲ የጅማትን ባሕርይ የተማሩት በእግር ላይ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ለአበባው ውበት የሚተከለውን የጓያ ዘመድ ፍሬ ለአይጦች እየመገቡ አጥንታቸው ሲጎብጥ፣ ጅማታቸው ሲላላ አጥንተዋል። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ጓያ በድርቅ ዘመን ከሌላው ሰብል ተርፎ እየተበላ ብዙ ሰው እግሩን ያጣበት እህል ነው። የእኛው ጓያ የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ለአበባው የሚተከለው ዘመዱ ግን ሌላ ነገር ያበላሻል። ሕዋሳት ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን አንዱን ከሌላው የሚያስተሳስሩበትን ኢንዛይም ያግዳል። ኮላጅን ተሠርቶ፣ ቃጫም ሆኖ፣ ማሰሪያው ከጎደለ ሸክም አይችልም። ከጀሶ ክፍል ርቆ የሚመስለው ይህ ጥናት እጃቸው ምን እንደሚይዝ ነግሯቸዋል።

ኮላጅን በአካላችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሁሉ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ገመድ በሦስት ፈትል የተገመደ ነው፤ በእያንዳንዱ ፈትል ላይ አንድ ሺህ ያህል አሚኖ አሲዶች ተሰካክተዋል። በየሦስተኛው ቦታ ላይ ከሁሉ ትንሹ አሚኖ አሲድ ግላይሲን መኖር አለበት፤ በመሐል ያለው ቦታ ሌላውን አያስገባም። አንዲት ግላይሲን በሌላ ስትተካ አጥንቱ በትንሽ ነገር የሚሰበር ልጅ ሊወለድ ይችላል። ፈትሎቹ ተገምደው እንዲጸኑ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል፤ እሱን ያጡ የጥንት መርከበኞች ስከርቪ ሲይዛቸው የዳነ ቁስላቸው ጭምር እንደገና ይከፈት ነበር። ጠባሳ በየጊዜው የሚታደስ ሕያው ነገር ነውና።

ፕሮቲን ቅርጹን ከየት ያገኛል? ሳይንቲስቱ ክርስቲያን አንፊንሰን የፕሮቲን መታጠፍ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ የተጻፈ መሆኑን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በ2024 ደግሞ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ቅርጹን በኮምፒውተር በመተንበያቸው ተሸልመዋል። ታላቅ ሥራ ነው። እኔን በይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ፕሮቲኑ ወደ ቅርጹ የሚደርስበት መንገድ ነው። የኮላጅን ፈትሎች ሲገመዱ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ አቅጣጫውን እስኪያስተካክል መጠበቅ ግድ ስለሆነ ሥራው ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ብዙ ትናንሽ ፕሮቲኖች ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ በሚታጠፉበት ዓለም ይህ ረጅም ነው። በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ አንዲት የኮላጅን ሞለኪውል ብቻዋን በሰው የሰውነት ሙቀት ልትፈታ ታዘነብላለች፤ የሚያጸናት ከብጤዎቿ ጋር ቃጫ መሆኗ ነው። እዚያ ታችም ጊዜ ይጠየቃል፤ እዚያ ታችም ጽናት የሚመጣው ከመያያዝ ነው።

የተረከዝ ጅማት የተለየ ነው። ቃጫው ወፍራምና ጥብቅ፣ ሕዋሱ ጥቂት ስለሆነ እንደ ሌላው በማሸት አይረዝምም። በግድ ከተገፋ የእግሩ መሐል ይጎብጣል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሕፃናት መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ቦታውን በማደንዘዣ አደንዝዞ፣ ከተረከዙ ከፍ ብሎ በአንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ በቀጭን ምላጭ ጅማቱን ይቆርጠዋል። እግሩን ይዤ ስቆም ቋጠሮው ሲላቀቅ በእጄ ይታወቀኛል፤ እግሩ ወደ ላይ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዲግሪ ይከፈታል። ስፌት አያስፈልገውም። ጀሶ ለሦስት ሳምንት ይታሰራል። በሦስቱ ሳምንታት ክፍተቱ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ሕዋሳት ይገባሉ፤ መጀመሪያ ቀጭንና ያልተደራጀ ኮላጅን ይዘረጋሉ፤ ቆይቶ ጠንካራው ይተካዋል፤ ቃጫዎቹም በሚሳቡበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ጀሶው ሲወልቅ ረዘም ያለ፣ የተያያዘ ጅማት ይዳሰሳል። ሐኪሙ ቦታ ከፈተ፤ ጅማቱን የሠራው ሕፃኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተሰብ ነው። በብረት ዘንግ የተያያዘው ጫማ ለሦስት ወር በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። እግሩ ቀንቶ እያዩት ልጁ ሲያለቅስ ጫማውን ማውለቅ የማንም ወላጅ ልብ የሚፈልገው ነው። ነገር ግን እግሩን ያጎበጠው ባሕርይ በጅማቱ ውስጥ ገና አልሞተም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮላጅኑ ቶሎ ቶሎ ይሠራል፣ ወደ ቀድሞው ቅርጹም ይስባል። አብዛኛው ማገርሸት የሚመጣው ጫማው ሲቀር ነው።

ስለዚህ የአንድን ክሊኒክ ሥራ በታሰረ ጀሶ ብዛት መለካት አይበቃም። መለኪያው አራት ዓመት የሞላው ልጅ በሙሉ ውስጥ እግሩ ረግጦ መሮጡ ነው። ይህ እንዲሆን ለጀሶ የተመደበ ገንዘብ ጫማውንም፣ የመንገድ ወጪውንም፣ ከቀጠሮ የቀረውን ቤተሰብ ደውሎ የሚጠራውን ሰው ደመወዝም መሸፈን አለበት። አዋላጆች አራስ ልጅ ሲመረምሩ እግሩንም አይተው ቆልማማ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላኩልን፤ ያኔ ጅማቱ ለስላሳ ነው። ለጀማሪ ባልደረቦቼ ደግሞ የምለው፦ የታለስን ራስ ሳታገኙ እግሩን አታዙሩ፤ ጅማቱ ሲጠጥር ቁሙ፤ ለእናትየውም ሳምንቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳትነግሯት አትሸኟት። ምክንያቱን ያወቀች እናት ትመለሳለች።